«አንገቱን ይዘህ መሬት ላይ ጣለው» ለተባሉት አባወራ

አንድ አባት የላኩልኝ ጥያቄ ነው። አሳጥሬ ላስቀምጠው።

«ሰላም ዶክተር። አንድ ዓመት ተኩል የሆነው ውሻ አለን። ስሙ ቡቺ ነው። የጀርመን ሼፐርድ ክልስ ነው ብለው ነው የሸጡልን። ቀን በሰንሰለት ይታሰራል፣ ማታ ይፈታል። ሲበላ ሰው ከቀረበው ያጉረመርማል። በበዓሉ ማግስት የበግ አጥንት ሰጥተነው፣ የቤት ሠራተኛችን ሳህኑን ላንሳ ስትል እጇን ነከሳት። ቁስሉ ትንሽ ስለነበር ቡና ነስንሰን አሰርንላት። አራት ቀን ሆነው። ዘበኛችን ‹ውሻ በተፈጥሮው ክፉ ነው፤ የሚፈራው ጌታ ካላገኘ ቤቱን ራሱ ይገዛዋል› አለኝ። ኢንተርኔት ላይ ያየሁት ቪዲዮም ‹አንገቱን ይዘህ መሬት ላይ ጣለው፣ እስኪረጋ አትልቀቀው፣ አልፋው፣ ማለትም የመንጋው አለቃ፣ አንተ መሆንህን ይወቅ› ይላል። የስድስትና የዘጠኝ ዓመት ልጆች አሉኝ። ላድርገው ወይ? ካለሰለስኩት ደግሞ ግቢ መጠበቁን ይተዋል ብዬ እሰጋለሁ።»

ሰላም ወንድሜ።

ስለ ቡቺ ጸባይ እናወራለን። መጀመሪያ ግን የተነከሰችው ሠራተኛዎ እጅ።

ዛሬውኑ ወደ ጤና ተቋም ይውሰዷት። ነገ አይበሉ። ውሻ የነከሰው ቁስል ወዲያው በሳሙናና በሚወርድ ውሃ ለ15 ደቂቃ ያህል መታጠብ አለበት። ቡና መነስነስ ደሙን ያቆም ይሆናል፣ የእብድ ውሻ በሽታን ቫይረስ ግን አይገድለውም። አራት ቀን አለፈ ብላችሁም አትተዉት። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ እስኪታይ ብዙ ጊዜ ሳምንታትና ወራት ይወስዳል። ክትባቱ የሚያድነው በዚህ መሀል ነው። ምልክቱ አንዴ ከታየ በኋላ ግን የሚተርፍ የለም ማለት ይቻላል። በዓለም ላይ ይህ በሽታ ከሚይዛቸው ሰዎች 99 በመቶ ያህሉን የሚያስይዛቸው ውሻ ነው። ጸበል የሚጠመቅ ይጠመቅ፣ እኔም አማኝ ነኝ። ክትባቱን ግን ማንም አያስቀርባት።

ቡቺን አትግደሉት፣ ለማንም አትስጡት፣ ከግቢም እንዳይወጣ። ለአሥር ቀን ይጠበቅ። ነክሶ በአሥረኛው ቀን ጤነኛ ሆኖ ከቆየ፣ በነከሰበት ሰዓት በሽታውን እያስተላለፈ አልነበረም ማለት ነው። እሷ ግን አሥሩን ቀን አትጠብቅም። አሁን ትሂድ፤ ክትባቱ ይቀጥል ወይስ ይቁም የሚለውን ሐኪሙ ይወስናል። ጥያቄዎ ውስጥ ቡቺ ተከትቦ ያውቅ እንደሆነ አልነገሩኝም። ከሦስት ወር ዕድሜው ጀምሮ መከተብ ነበረበት፤ ከዚያም በየዓመቱ። ካልተከተበ አሥሩ ቀን እንዳለፈ የመጀመሪያ ሥራዎ ይሁን።

አሁን ወደ ጠየቁኝ ነገር።

አያድርጉት። አንገቱን ይዘው መሬት ላይ አይጣሉት። ዘበኛዎ ክፉ አስበው እንዳልመከሩዎት አውቃለሁ፤ ሲባል የሰሙትን ነው የነገሩዎት። እኔም ወጣት ሆኜ ይህንኑ አምን ነበር። አምኜም አደረግሁት።

ቢሾፍቱ የእንስሳት ሕክምና ትምህርቴን ጨርሼ ሥራ የጀመርኩ ሰሞን ነው። አንድ ጥቁር ውሻ አመጡልኝ። «ሰሞኑን ከፍቷል፣ ራሱን ሲነኩት ይናከሳል» አለኝ ባለቤቱ። ልመረምረው እጄን ስሰድ አጉረመረመ። እንደሰማሁት አደረግሁ። አንገቱን ጨምድጄ በጎኑ ጣልኩትና በጉልበቴ ያዝኩት። ትንሽ ታገለ። ከዚያ ጸጥ አለ። ዓይኑ ፈጦ ነበር። አፉ ተገጥሟል፣ እስትንፋሱ ቁርጥ ቁርጥ ይላል። ሽንቱ ወለሉ ላይ ፈሰሰ። «ይኸው ገባው» አልኩት ለባለቤቱ። አልገባውም ነበር። በፍርሃት ደርቆ ነው። በሳምንቱ ተመልሶ ሲመጣ፣ ገና በሩ ላይ ሳለሁ ሳያጉረመርም ክንዴን ያዘኝ። ያን ዕለት በመርፌ አስተኝተን ጆሮውን ስናይ ውስጡ በመግል ተሞልቷል። ያ ውሻ ሲያጉረመርም «አሞኛል፣ አትንካኝ» እያለ ነበር። እኔ ደግሞ ጉልበቴን ጫንኩበት። ብዙ ዓመት ሆኖታል፤ ውሻ በጎኑ ተኝቶ ባየሁ ቁጥር ትዝ ይለኛል።

ይህን የማወራዎ የቡቺም ነገር ከዚህ ብዙ ስለማይርቅ ነው።

«በተፈጥሮው ክፉ ነው» የሚለውን እንየው። ውሻ ጥርስ አለው፤ የትኛውም ውሻ የሚናከስበት ሁኔታ አለ። የኔም ይናከሳል። ግን «መናከስ ይችላል» እና «ክፉ ነው» ለየቅል ናቸው። ውሻና ሰው አብረው መኖር ከጀመሩ ቢያንስ 14 ሺህ ዓመት ሆኗቸዋል። ጀርመን ውስጥ ቦን አጠገብ ኦበርካሰል በሚባል ቦታ ከአንድ ወንድና ከአንዲት ሴት ጋር የተቀበረ ውሻ ተገኝቷል፤ ዕድሜው ወደ 14 ሺህ ዓመት ይጠጋል። ጥርሶቹን የመረመሩ ባለሙያዎች ውሻው በቡችላነቱ ክፉኛ ታሞ እንደነበርና ሰው ባያስታምመው ኖሮ እንደማይተርፍ ጽፈዋል። ገና እርሻ ሳይጀመር ሰው የታመመ ቡችላ ያስታምም ነበር። ክፉ ፍጥረት ቤት ውስጥ እንዲህ አይቆይም።

ዘር ምንም አይደለም ግን አልልዎትም። ዲሚትሪ ቤልያየቭ የሚባል የሶቪየት ሳይንቲስት በ1959 (ዓመቶቹን የምጽፈው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው) ሳይቤሪያ ውስጥ ለፀጉራቸው ከሚረቡ ቀበሮዎች ሰው የማይሸሹትን እየመረጠ ማራባት ጀመረ። ጥቂት ትውልድ ሳያልፍ ሰው ሲያዩ ጅራታቸውን የሚቆሉ ቀበሮዎች ተወለዱ። ቆይቶም በዚያው ጣቢያ ቁጡዎቹን እየመረጡ ሲያራቡ ቁጡዎች ወጡ። እናቱ ፈሪና ተናካሽ የሆነች ቡችላ ይህንን ሊወርስ ይችላል። ስለዚህ ቡችላ ስትገዙ እናቲቱን አሳዩኝ በሉ።

«የጀርመን ሼፐርድ ክልስ ስለሆነ ነው» ማለት ግን ሩቅ አያደርስም። በ2022 የወጣ፣ ከ18 ሺህ በላይ ውሾችን ያካተተ ጥናት፣ በአንድ ውሻና በሌላው መካከል ካለው የጸባይ ልዩነት ዝርያ የሚያስረዳው 9 በመቶ ገደማውን ብቻ እንደሆነ አሳይቷል። ሌላው ከየት ይመጣል? ከወላጆቹ ከወረሰው፣ ካሳደግነው፣ ከደረሰበት፣ ከሚያመው፣ ከሚውልበት።

ካሳደግነው ስል በተለይ አንድ ዘመን አለ። ቡችላ ከሦስተኛው ሳምንት እስከ አሥራ ሁለተኛው፣ አሥራ አራተኛው ሳምንት ድረስ ልቡ ክፍት ነው። በዚያ ጊዜ ያያቸውን ነገሮች ለዕድሜ ልኩ «የኔ ዓለም» ብሎ ይይዛቸዋል። ሕፃን፣ ሽማግሌ፣ ዣንጥላ የያዘ ሰው፣ ነጠላ የለበሰች እናት፣ የባጃጅ ድምፅ። ያላያቸው ነገሮች በኋላ ያስፈሩታል። እኛ አገር ይህ ዘመን እንዴት ነው የሚያልፈው? ገና ወር እንደሞላው ከእናቱ ይነጠላል። መንገድ ዳር ታቅፎ ይሸጣል። ስምንት ሳምንት ከእናቱና ከወንድሞቹ ጋር መቆየት ነበረበት፤ ሲጫወቱ እየተነካከሱ ጥርሱን መመጠን የሚማረው ከነሱ ነው። ከዚያ ግቢ ይገባና ይታሰራል። ሰው የሚያየው ምግብ ሲመጣለትና ሲቆጡት ብቻ ይሆናል። ገጠር ደግሞ ኃይለኛ እንዲሆን ጆሮውን የሚቆርጡት አሉ። ጆሮው የተቆረጠ ቡችላ የሚማረው የሰው እጅ ሲመጣ ሕመም እንደሚመጣ ነው። በኋላ ያን እጅ ሲነክስ «ክፉ» እንለዋለን።

ይህ «አልፋ» የሚሉት ነገር ከየት እንደመጣ ላውጋዎት፤ ማወቁ ይጠቅማል። ሩዶልፍ ሼንክል የሚባል ስዊዘርላንዳዊ ተመራማሪ በባዝል መካነ አራዊት ያሉ ተኩላዎችን አጠናና በ1947 ውጤቱን አወጣ። ተኩላዎቹ ይጣሉ ነበር። አሸናፊው ሁሉን ይገዛል፣ ተሸናፊው ይሽቆጠቆጣል። ነገር ግን ተኩላዎቹ የት ነበሩ? 10 ሜትር በ20 ሜትር በሆነ አጥር ውስጥ፣ እስከ አሥር ሆነው። 200 ካሬ ማለት ነው። አዲስ አበባ ውስጥ 200 ካሬ ስንት ክፍል ቤት እንደሚያሠራ ያውቃሉ። በዱር ብዙ መቶ ካሬ ኪሎ ሜትር የሚያካልል እንስሳ ነው እዚያ የታጎረው። የሚያመልጥበት የለም፣ ተጣልቶ የሚርቅበት የለም። አሥር ሰው በአንድ ክፍል ዓመት ሙሉ ቆልፈን፣ ያየነውን ጠብ «የሰው ተፈጥሮ ይህ ነው» ብንል እንደማለት ነው።

አሜሪካዊው የተኩላ ተመራማሪ ዴቪድ ሚች በ1970 ባወጣው መጽሐፍ ይህንኑ የአልፋ ሐሳብ አስፋፋ። መጽሐፉ በጣም ተነበበ። በኋላ ግን ከ1986 ጀምሮ ካናዳ ሰሜን ጫፍ ኤልስሚር ደሴት ድረስ እየሄደ፣ በየዓመቱ በሞቃቱ ወራት የዱር ተኩላዎችን በቅርብ አየ። ያየው ሌላ ነበር። የዱር ተኩላ መንጋ ቤተሰብ ነው። «አልፋ» ያላቸው እናትና አባት ናቸው። ሌሎቹ ልጆቻቸው ናቸው፤ ሲያድጉ ሄደው የራሳቸውን ትዳር ይመሠርታሉ። ወላጆቹ የሚመሩት ታግለው ስላሸነፉ አይደለም፤ ወላጅ ስለሆኑ ነው። ሚች ይህንን በ1999 ጻፈ። የቀድሞ መጽሐፉ ከኅትመት እንዲወጣ አሳታሚውን ለዓመታት ለመነ። በ2022 ቆመለት። እኔ ይህን ሰው በጣም አከብረዋለሁ። ስም ያስገኘለትን ሐሳብ በአደባባይ «ተሳስቻለሁ» ማለት ቀላል አይደለም። ቪዲዮ የሚሠሩት ሰዎች ግን 1970 ላይ ቀርተዋል።

የኛውን ቀይ ቀበሮም ያስቡ። በስሙ ቀበሮ እንበለው እንጂ የተኩላ የቅርብ ዘመድ ነው። ባሌ ሳነቴ ላይ ጠዋት ጠዋት ተሰብስበው ሰላምታ ሲለዋወጡ ያየ ሰው አይረሳውም። አይጥ የሚያድኑት ለየብቻ ነው። ግልገሎቹን ግን መላው ቤተሰብ ይጠብቃል፣ ምግብ ያመጣል። ደረጃ አላቸው፤ ኑሯቸው ግን በትግል የተሠራ አይደለም። (ካነሳናቸው አይቀር፣ በዓለም ላይ የቀሩት አዋቂዎች 500 አይሞሉም፤ ከሚገድሏቸው ነገሮች ዋናው ካልተከተቡ የመንደር ውሾች የሚሻገረው የእብድ ውሻ በሽታ ነው። ውሻ ማስከተብ ለነሱም ይተርፋል።)

ደግሞስ ውሻ ተኩላ አይደለም። እርስዎም ተኩላ አይደሉም። ቡቺ ይህንን አሳምሮ ያውቃል።

የበላይነት የሚባል ነገር በውሾች መካከል የለም አልልም። አለ። ሁለት ውሾች አንድ አጥንት ላይ ሲገናኙ አንዱ ይተዋል። በሌላ ጊዜ፣ በሌላ ነገር ላይ ሌላኛው ይተዋል። በሁለት እንስሳት መካከል፣ ስለ አንድ ነገር የሚሆን ነው። «ይህ ውሻ የበላይ መሆን ይፈልጋል» ብሎ ጸባይ አድርጎ መለጠፍ ግን ስሕተት ነው። «አንተ ሳትበላ እሱ አይብላ፣ በር ላይ ቀድሞህ አይውጣ» የሚለውም ከዚሁ ስሕተት የመጣ ነው። በር ላይ የሚቀድምዎ ውጪውን ስለናፈቀ ነው። ዙፋንዎን አልፈለገም።

በኃይል ያደረጉት ሰዎች ምን እንደገጠማቸው ደግሞ ተቆጥሯል። አሜሪካ የፔንሲልቫኒያ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሐኪሞች በ2009 ባወጡት ጥናት 140 የውሻ ባለቤቶችን ጠይቀው ነበር። ውሻቸውን ከመቱት ወይም ከረገጡት ውስጥ 43 በመቶው ውሻው በቁጣ መለሰልን አሉ። እርስዎ እንደተመከሩት በጀርባው ጥለው ከያዙት 31 በመቶው፣ አፍጥጠው ካዩት 30 በመቶው። ቪዲዮው ውስጥ የሚታየው ሰው አልተነከሰ ይሆናል። በቡቺ አፍ ትይዩ የሚሆነው ግን የእርስዎ ፊት ነው። ቀጥሎ ደግሞ «አባባ እንዳደረገው» ብሎ የሚሞክረው የስድስት ዓመቱ ልጅዎ።

አሁን ዋናው ነገር፦ ማጉረምረሙ።

ማጉረምረም ጥፋት አይደለም። ውሻ ካሉት ቃላት ሁሉ ጨዋው ነው። «እባክህ አትቅረበኝ፣ መናከስ አልፈልግም» ማለቱ ነው። ያጉረመረመ ውሻ በተመታ ቁጥር ፍርሃቱ አይቀንስም፤ ቃሉ ብቻ ይጠፋል። ከዚያ «ምንም ሳይል በድንገት ነከሰ» የሚባለው ውሻ ይመጣል። እኔ ዘንድ ከሚመጡት ሁሉ የምፈራው እሱን ነው። «የሚጮህ ውሻ አይናከስም» የሚለው ተረት በውሻ ላይ ሁልጊዜ አይሠራም፤ ሲያጉረመርም የማይሰሙት ውሻ ግን መናከሱ የማይቀር ነው።

ከማጉረምረሙም በፊት ብዙ ይናገራል። እስቲ ነገ ቡቺ ሲበላ ከሩቅ፣ ከመስኮት ሆነው ይዩት። ሰው ብቅ ሲል መጀመሪያ መብላቱን ያቆማል። አንገቱ ሳህኑ ላይ እንዳለ ይደርቃል። ወይም በጥድፊያ መዋጥ ይጀምራል። ራሱን ሳያዞር ዓይኑን ብቻ ወደ ሰውየው ያሻግራል፤ ያኔ የዓይኑ ነጭ እንደ ጨረቃ ይታያል። አፍንጫውን በምላሱ ላፍ ያደርጋል። ሳይደክመው ያዛጋል። ጅራቱን ከቆላም አይታለሉ፤ ላላ ብሎ ከወገቡ ጋር የሚወዛወዝ ጅራት ደስታ ነው፤ ወደ ላይ ተገትሮ እንደ ዱላ የሚንቀጠቀጥ ጅራት ግን «ተጠንቀቅ» ነው። ልጅቷ ወደ ሳህኑ ጎንበስ ስትል ይህ ሁሉ ታይቶ ነበር ብዬ አምናለሁ። የሚያነብለት አላገኘም።

ለምን አጥንቱን ያን ያህል ሰሰተ? የበዓል ማግስት መሆኑን ልብ ይበሉ። በኔ ልምድ ከፋሲካና ከገና በኋላ ባሉት ቀናት ይህ ዓይነቱ ንክሻ ይበዛል። ጾሙን በሙሉ የእንጀራ ፍርፋሪ ሲበላ የከረመ ውሻ ድንገት የበግ አጥንት ያገኛል። ለሱ ወርቅ ነው። ግቢው ደግሞ በእንግዳ ተሞልቷል፤ ልጆች ይሯሯጣሉ፣ ሰው ይገባል ይወጣል። «ሊቀሙኝ ነው» ቢል አይፈረድበትም። (የተቀቀለ አጥንት አትስጡት፤ ይሰነጠቅና አንጀት ይወጋል። ይህንንም በየበዓሉ አያለሁ።)

ከዚያ ሰንሰለቱ አለ። በ1994 ዴንቨር በተባለችው የአሜሪካ ከተማ የነከሱና ያልነከሱ ውሾችን ያነጻጸሩ ተመራማሪዎች ነበሩ። ግቢ ውስጥ በሰንሰለት የሚታሰር ውሻ ነካሽ ሆኖ የመገኘት ዕድሉ ወደ ሦስት እጥፍ ይጠጋ ነበር። ለምን እንደሆነ ከቡቺ ቦታ ሆነው ያስቡት። የሚፈራ እንስሳ ሁለት ምርጫ አለው፤ መሸሽ ወይም መናከስ። ሰንሰለቱ መሸሹን ወሰደበት። በየቤቱ ስዞር ብዙ ጊዜ የማየው ነገር አለ። የውሻው ማሰሪያ ከሮቶው እግር ወይም ከግንብ ጋር ተያይዟል። ዙሪያው ሣር የሌለበት፣ የተረገጠ ክብ መሬት አለ። የክቡ ጠርዝ ሰንሰለቱ የሚያልቅበት ነው። ያ ውሻ ዓለሙ ያቺ ክብ ናት። በክቧ ጠርዝ የሚያልፍ ሁሉ ይረብሸዋል፤ ሊያሸትተው አይችል፣ ሊርቀው አይችል። አመሻሽ ላይ ሲፈቱት የሚያብደው በክፋት አይደለም።

«ካለሰለስኩት ግቢውን አይጠብቅም» ላሉት፦ አይስጉ። ውሻ በበላበት ይጮሃል ይባላል፤ በዚህ ጉዳይ ተረቱ ትክክል ነው። የማያውቁት ሰው በር ሲነካ መጮህ ውሻ ከርስዎ በመፍራት የሚማረው ሥራ አይደለም። የሚወደው ቤት ስለሆነ ነው የሚጮኸው። እንዲያውም ሁሉን የሚፈራ ውሻ ጥሩ ጠባቂ አይሆንም፤ ሌባውንም፣ የጎረቤቱን ልጅም፣ ዳቦ ይዛ የመጣችውን አክስትዎንም እኩል ነው የሚያየው። እርስዎ የሚፈልጉት የሚለይ ውሻ ነው። መለየት የሚችለው ደግሞ ልቡ የረጋ ውሻ ነው።

እንግዲህ ምን ያድርጉ?

አሥሩ ቀን ሲያልፍ በመጀመሪያ ሐኪም ይየው። አንድ ዓመት ተኩል የሞላው ጤነኛ የሚመስል ውሻ ጆሮው ውስጥ፣ ጥርሱ ላይ፣ ዳሌው ላይ ሕመም ይኖርበት ይሆናል። ራሱን ይነቀንቃል? ጆሮው ይሸታል? አንገቱ ሥር ሰንሰለቱ ያቆሰለው ቦታ አለ? መዥገር አለበት? የሚያመውን ውሻ ማሠልጠን አይቻልም።

ከዛሬ ጀምሮ ግን ሳህኑን ቦታ ይቀይሩለት። ሰው የማያልፍበት፣ ከቤቱ ጀርባ ያለ ጥግ ይሁን። ሲበላ ማንም አይጠጋው። ሳህኑ የሚነሳው እሱ ጨርሶ ሌላ ቦታ ከሄደ በኋላ ነው። ልጆቹን ዛሬ ማታ አስቀምጠው ይንገሯቸው፤ ውሻ ሲበላ፣ ሲተኛና ሲታሰር አይጠጉትም። አንገቱን አያቅፉትም። ይህ ሕግ ነው፣ ውሻው ቢሻሻልም አይነሳም።

አንድ ሁለት ሳምንት እንዲህ ሰላም ካገኘ በኋላ ሥልጠናውን እርስዎ ራስዎ ይጀምሩ፤ ልጅ አያስገቡበት። ተራውን ምግቡን ይስጡትና ይራቁ። ከዚያ አምስት ስድስት ሜትር ርቀው በጎኑ በኩል ይለፉ። አይዩት፣ አይቁሙ። ሲያልፉ አንዲት ቁራጭ ሥጋ ወደ ሳህኑ ይወርውሩና መንገድዎን ይቀጥሉ። በቃ። በማግስቱም እንዲሁ። ጥቂት ቀን ሲቆይ፣ እርስዎ ብቅ ሲሉ ከመድረቅ ይልቅ ቀና ብሎ ያይዎታል፤ ጅራቱ ይላላል። «ይህ ሰው ሲመጣ የሚጨምር እንጂ የሚወስድ አይደለም» ማለት ጀምሯል። ያኔ ግማሽ ሜትር ይቅረቡ። ከደረቀ ወይም መዋጡን ካፋጠነ ቸኩለዋል፤ ወደኋላ ይመለሱ። ሳህኑን በእጅ እየነጠቁ «ይልመደው» አይበሉ። ከአፉ የሚወስዱት ነገር ካለ የሚበልጥ ነገር ሰጥተው ይለውጡት። ይህ ፊት መስጠት እንዳይመስልዎ። ሕግ ያለው ቤት ነው፤ ሕጉን በሥጋ ያስተምሩታል እንጂ በጉልበት አይደለም።

ሰንሰለቱን በተመለከተ፣ ከግቢው አንድ ጥግ በአጥር ከልለው ጥላና ውሃ ያለው ቦታ ያድርጉለት፤ እዚያ ተፈትቶ ይዋል። ያ እስኪሆን ከግንብ ወደ ግንብ ረጅም ሽቦ ወጥረው ማሰሪያው በሽቦው ላይ እየተንሸራተተ ይሂድ። አሥሩ ቀን ካለፈ በኋላ ጠዋትና ማታ በገመድ ይዘው ከግቢ ያውጡት፤ ግማሽ ሰዓት ይበቃል። እየቆመ ያሽትት፣ አይጎትቱት። ዘበኛዎንም በሥራው ያስገቧቸው። ከቡቺ ጋር ሌሊቱን የሚያድሩት እሳቸው ናቸው፤ ከእጃቸው ቁራሽ የሚቀበል ውሻ የእሳቸውም ረዳት ይሆናል። አፉ ላይ የሚጠለቅ ቅርጫት መሳይ መከላከያም ገዝተው፣ ውስጡ ምግብ እያደረጉ ቀስ ብለው ያልምዱት። እንግዳ ሲበዛ ይጠቅማል።

ማኮላሸት ይረዳል ወይ የሚል ጥያቄ ሊመጣ ይችላል። ለሴት ፍለጋ መዞርንና ከወንድ ጋር መጣላትን ሊቀንስ ይችላል። በፍርሃት ለሚናከስ ውሻ ግን መፍትሔ ነው ብዬ አልሸጥልዎትም።

አንድ ከባድ ነገርም ልንገርዎ፤ ልጆች ስላሉ መደበቅ አልፈልግም። ይህ ሁሉ ተደርጎ፣ ሐኪም አይቶት፣ ውሻው ምግብም ሕመምም በሌለበት ሰው ላይ የሚሄድ ከሆነ፣ ወይም ነክሶ ሥጋ የሚቦጭቅ ከሆነ፣ ከሕፃናት ጋር በአንድ ግቢ መኖር የለበትም። ልጅ የሌለበት፣ ውሻ የሚያውቅ ሰው ቤት ይፈለግለታል። ያም ካልሆነ ሳይሠቃይ በሐኪም እጅ እንዲያርፍ ማድረግ አለ። ቡቺ ግን ከጻፉልኝ ተነስቼ ስፈርደው ከዚያ ሩቅ ነው። አንድ ጊዜ፣ አጥንት ላይ፣ ጎንበስ ያለ ሰው፣ ትንሽ ቁስል። አስጠንቅቆ፣ ጥርሱን መጥኖ የነከሰ ውሻ ነው።

ከሐኪም ቤት ስትመለስ ልጅቷ ምን እንደተባለች ይጻፉልኝ። ደግሞ ይቅርታ ይጠይቁልኝ፤ ስለ እሷ እጅ ሦስት አንቀጽ፣ ስለ ውሻው ይህን ሁሉ ነው የጻፍኩት። ሳህኑን ከእንግዲህ የምታነሳው ቡቺ ከዚያ ጥግ ሲወጣ መሆኑን ከሁሉ በፊት ለእሷ ይንገሯት።